የጣት ስፋት

ካሞሲም ላይ ነፋሱ ጨው ነው፤ ከባሕር ተነሥቶ
ማጠፊያ ይበላል፣ ምስማር ይበላል፣ ደጅ ያደረ ብረት አግኝቶ።
የአባቴን ቮልስ ግን አልደፈራት፤
ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው፣ ዛሬም ወይን ጠጅ ናት።

እኔ በወደቡ መንገድ ሲላንት እሸጣለሁ።
«ስድስት ወር» ይላል ጠርሙሱ፤ እኔም ስድስት ወር እላለሁ።
እሱ፣ ኢዛልቲኖ፣ ቅጠል ቆራጭ ነበር፤
ጫፉ ላይ ማጭድ በታሰረ ዘንግ፣ ቀና ብሎ የሚኖር።
ከሐምሌ እስከ ታኅሣሥ የካርናኡባ ዘንባባ ሲመለምል
አንገቱ ወደ ላይ ቀረ፤ ዛሬም ሲሄድ ሰማይ የሚያነብ ይመስላል።
ቅጠሉ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ሲደርቅ ይደበደባል፤
ነጭ ብናኝ ይወጣዋል፤
ብናኙ ቀልጦ ሰም ይሆናል፣
የተረፈው የሰው ሳንባ ውስጥ ይቀመጣል።

ዛፉ ሰም የሚለብሰው ለእኛ ብሎ አይደለም።
ውኃው እንዳይሰረቅ ነው፤ ከዚህ ፀሐይ የባሰ ሌባ የለም።

ሰሙ በመርከብ ይሄዳል። የት? አባቴ አያውቅም።
ሲመለስ በጣሳ ነው፤ ክዳኑ ላይ የተጻፈውን አያነብም።
መዳፍ የምታክል ጣሳ የሳምንት ደሞዙን ዋጠች፤
እናቴ ዋጋዋን ሰምታ ሦስት ቀን አኮረፈች።
ክዳኑን ከፍቶ አሸተተና «ይቺ የእኔ ናት» አለ፤
«ወርቁን እዚያ አስቀርተው ሰሙን ላኩልኝ» ብሎ ሣቀ፤ ሳለ።

ባለፈው ጥር ነው ክርክሩ የከረረ።
«የአንቺማ ፕላስቲክ ነው» ብሎ ጀመረ፤
«ያብረቀርቃል፣ አዎ፤ እንደ ጥርስ ሐኪም ቤት ወለል፤
ብርሃን ላዩ ላይ አዳልጦት ያልፋል፤ መች ውስጥ ገብቶ ይውላል!»
«የአንተስ» አልኩት፣ «ቀትር ላይ ይለሰልሳል፣ አቧራ ይለቅማል፤
ሁለት ዝናብ ቢችል፣ ሦስተኛው ይዞት ይሄዳል።»

ወረቀት ፕላስተር ለጠፍን፣ ከአፍንጫዋ እስከ መስታወቷ፤
ሞተሯ ከኋላ ነው፣ ሻንጣዋ ነው ፊቷ።
ግራው የእሱ፣ ቀኙ የእኔ።
እሱ ያለ ጨርቅ፣ በመዳፉ አሸ፣ «ሙቀቴ ያቀልጠዋል» ብሎ፤
እኔ መመሪያው «በስሱ» ስላለ፣ በስፖንጅ፣ ቶሎ ቶሎ።

እውነቱን ልናገር። ያን ቀን ማታ የአባቴ ወገን
እርጥብ ይመስል ነበር፤ አሁን እንደተቀዳ ወይን።
የእኔ ጎን ጥርት ያለ ነው፤ የመብራት ሽቦው እንኳ ይቆጠራል።
ግን ቀዝቃዛ። ጎረቤታችን ዶና ኔውዛ ሁለቱን ዞር ዞር ብላ አየችና፣
«ይሄ ይላሳል» አለች፤ «ያኛው ይከበራል።»

የካቲት ላይ ዝናቡ ገባ።
ጠብታው በሁለቱም ጎን እንደ ሽምብራ ክብ ነበር።
መጋቢት አጋማሽ ላይ የእሱ ጠፍጠፍ አለ፤
ሚያዝያ ላይ ውኃው ተኛበት፣ ጎኑን አሳርፎ።
በእኔ በኩል ግን እስከ ሐምሌ
ጠብታ በጠብታ ላይ እየተንከባለለ
ከጎማው ሥር ይወርድ ነበር።

አሸነፍኩ። ማንም አላጨበጨበም።
አባቴ ጣሳውን ይዞ ወጣ፤ አልተቆጣም፤
ግራውን እንደገና ያሸው ጀመር።
«ስድስት ወር ሙሉ ሳልነካት
ምን ስሠራ ልክረም?» አለ።

ያኔ ነው ያየሁት፤ መሃል ላይ፣ ፕላስተሩ የነበረበት፣
የጣት ስፋት መስመር።
ሰም አልደረሰው፣ ሲላንት አልነካው፤
እኛ ግራና ቀኝ ስንቆጥር፣ ጨው ገብቶበት
አመድ መስሏል።

«ይሄስ የማን ነው?» አልኩት።
ጎንበስ አለ። ያ ሰማይ የለመደ አንገት
ሲጎነብስ ያምመዋል፤ ቢሆንም ጎንበስ አለ፣
በአውራ ጣቱ መስመሩን እስከ ጫፍ ተከተለው።
ከዚያ ጣሳውን ወደ እኔ ገፋ አደረገና
ጠርሙሱን ከእጄ ወሰደ፤ ገለባበጠው፤
የማያነበውን ጽሑፍ በፀሐይ አየው።

«በስሱ ማለት» አለኝ፣ «ምን ያህል ነው?»